አዋቂ ሆኖ ለኤዲኤችዲ መመርመር፦ ከደብተሩ እስከ ውጤቱ ወረቀት

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከቀጠሮዬ 40 ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። አራት አላርም ሞልቼ፣ እንዳላረፍድ ስፈራ ሌሊቱን ሳልተኛ። ፀጉሬ ተሠርቷል፣ ልብሴ ተተኩሷል። ሐኪሙ «ምን ልርዳሽ?» አሉኝ። «ትኩረት ላይ ትንሽ እቸገራለሁ» አልኩ። ሥራ እንዳለኝ ጠየቁ፤ አዎ አልኩ። ዲግሪ? አዎ። «ታዲያ ምን ችግር አለ?» አሉ። በ12 ደቂቃ ውስጥ የጭንቀት መድኃኒት ማዘዣ ይዤ ወጣሁ።

አሁን ሳስበው ብዙም አልፈርድባቸውም። የነገርኳቸው ያችኑ ብቻ ነበር። አራቱን አላርም አልነገርኳቸውም። ዲግሪውን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ተጨማሪ እንደፈጀብኝ አልነገርኳቸውም። ኤዲኤችዲ፣ ማለትም የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር፣ በደም ምርመራ አይታወቅም። ሐኪሙ የሚመረምረው ታሪካችሁን ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀውም ታሪኩን ቤት ትቶ ስለሚሄድ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማችሁ ከሆነ፣ ወይም ለቀናት ሳትተኙ ጉልበታችሁ ከመጠን ያለፈ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ተዉትና ዛሬውኑ ሕክምና ሂዱ። የትኩረቱ ነገር በኋላ ይደረስበታል።

ሌላው ማሳሰቢያ ስለ ገንዘባችሁ ነው። «አንጎላችሁን ፎቶ አንስተን ኤዲኤችዲ መሆኑን እንነግራችኋለን» የሚል ካጋጠማችሁ አትክፈሉ። ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) እና ኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለካ) ሌላ ሕመም ሲጠረጠር ይታዘዛሉ፤ ለምሳሌ የሚጥል በሽታ። ኤዲኤችዲን ግን አያሳዩም።

ዝግጅቱ ሦስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። አንድ ደብተር ግዙ። ስልክ ላይ አትጻፉ። ስልካችሁ ላይ የጻፋችሁት ነገር የት እንደሚገባ ታውቁታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ሐኪሙ የሚፈልገውን እወቁ

ብዙ ባለሙያ የሚጠቀመው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣውን ዲኤስኤም-5 የተባለ መመሪያ ነው። መመሪያው 18 ምልክቶች አሉት። 9ኙ ስለ ትኩረት፣ 9ኙ ስለ ቅብጥብጥነትና ችኮላ ናቸው። ልጅ ከሆነ ከአንዱ ወገን 6 ምልክት ይፈለጋል። ከ17 ዓመት ጀምሮ ግን 5 ይበቃል።

ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። እነዚህም አብረው መሟላት አለባቸው፦

1. ምልክቶቹ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ ይሁኑ።
2. ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የታዩ ምልክቶች ይኑሩ።
3. ከአንድ በላይ ቦታ ይታዩ። ሥራ ላይ ብቻ ከሆነ ችግሩ ሥራው ሊሆን ይችላል።
4. ኑሮን በግልጽ የጎዱ ይሁኑ።
5. ሌላ ሕመም የተሻለ የሚያስረዳቸው አይሁኑ።

የዓለም ጤና ድርጅት አይሲዲ-11 የሚባለው መመሪያ ምልክት እየቆጠረ አይሄድም፤ ነገር ግን የልጅነቱንና የብዙ ቦታውን ጥያቄ እሱም ይጠይቃል።

አምስቱን በደብተሩ አምስት ገጽ ላይ ርዕስ አድርጋችሁ ጻፉ። ከዚህ በኋላ የምታደርጉት ሁሉ እነዚህን ገጾች መሙላት ነው። ብዙ ጊዜ ባዶ የሚቀረው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

ደረጃ 2፦ መነሻ መጠይቁን ሙሉ

ኤኤስአርኤስ የሚባል 18 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ተያይዞ የተዘጋጀ ሲሆን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ 6 ጥያቄዎች ለማጣሪያ የሚያገለግሉት ናቸው።

መልሶቹ ከ«በጭራሽ» እስከ «በጣም ብዙ ጊዜ» አምስት ናቸው። በመጀመሪያዎቹ 3 ጥያቄዎች ከ«አንዳንድ ጊዜ» ጀምሮ ይቆጠራል። በቀጣዮቹ 3 ጥያቄዎች ግን ከ«ብዙ ጊዜ» ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። ከ6ቱ 4 ወይም ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ወደ ባለሙያ መሄድ ተገቢ ነው ማለት ነው። ኤዲኤችዲ አለባችሁ ማለት ግን አይደለም። ድብርት ያለበት፣ እንቅልፍ ያጣ፣ አራስ ልጅ ያላት ሁሉ 4 ሊያገኝ ይችላል።

እያንዳንዱን ጥያቄ ስትመልሱ አጠገቡ አንድ ምሳሌ ጻፉ። «ቀጠሮ እረሳለሁ፣ ብዙ ጊዜ» ብላችሁ አትለፉ። «ባለፈው ወር የልጄን ክትባት ሁለቴ አሳለፍኩ» ብላችሁ ጻፉ።

ሲበላሽ፦ ስትሞሉ «ይሄማ ሁሉም ሰው ጋ አለ» እያላችሁ ሁሉንም ዝቅ የምታደርጉ ከሆነ መጠይቁን አብሯችሁ ለሚኖር ሰው ስጡት። ስለ እናንተ እሱ ይሙላው። ከዚያ ሁለቱን አስተያዩ። ልዩነቱ ራሱ ለሐኪሙ መረጃ ነው፤ ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ።

ደረጃ 3፦ የልጅነት ማስረጃ ሰብስቡ

እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ ልጅ እያለሁ የትኩረት ችግር ነበረብኝ?» አልኳት። «በስመ አብ! ማን ነው እንዲህ ያለሽ? አንቺ ደግሞ ምን ነበረብሽ!» አለችና ወሬ ቀየረች።

ከሳምንት በኋላ እንደገና ደወልኩ። «እማዬ፣ ሹራቤን ስንቴ ነው ትምህርት ቤት ጥዬ የመጣሁት?»

ሳቀች። ከዚያ ማን ያስቁማት! «በአንድ ዓመት ሦስት ሹራብ! ዳቦ ግዢ ብዬ ልኬሽ አጥር ሥር ተቀምጠሽ ጉንዳን ስትቆጥሪ ያገኘሁሽ። ብሩም የለም፣ ዳቦውም የለም። የቤት ሥራሽን እያለቀስሽ ሠርተሽ ደብተሩን አልጋ ላይ ትተሽው የምትሄጂውስ?» 20 ደቂቃ ሙሉ ጻፍኩ።

ስለዚህ ስለ በሽታ አትጠይቁ። እናት ልጇ በሽተኛ ነበር አትልም። ስለ ሹራብ ጠይቁ። የሚሠሩ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

- ምን ምን ነገር ነበር የምጥለው? እርሳስ፣ ቁልፍ፣ ጫማ?
- ስትልኪኝ ምን ይዤ ነበር የምመለሰው?
- ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ለቅሶ ቤት፣ እንግዳ ፊት እንዴት ነበር የምቀመጠው?
- አስተማሪዎቼ ሲያስጠሩሽ ምን ይሉሽ ነበር?
- ከእህት ወንድሞቼ ማን ነበር የሚብሰው?

የመጨረሻው ጥያቄ ጥሩ ነው። ችግሩ በዘር ይሄዳል፤ ወንድማችሁ ወይም አባታችሁ ላይ ካለ ለሐኪሙ ንገሩ።

ወላጆቻችን የሕክምና ቃል ባይኖራቸውም ቃል አላጡም። የሚሏችሁን እንዳለ ጻፉት፤ አጠገቡ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ አስረዱ። «ቀልቡ አይሰበሰብም» እና «ልቡ ተሰቅሏል» ማለት እያነጋገሩት አይሰማም ማለት ነው። «ዝንጉ» የዕለት ተዕለት ነገር የሚረሳ ነው። «ቀዥቃዣ» እና «ቁንጥንጥ» የሚሉት ደግሞ በመመሪያው የቅብጥብጥነት ክፍል ውስጥ በቀጥታ የሚገቡ ናቸው፤ የሚቀመጥበት የማያርፍ፣ ዛፍ ላይ የሚገኝ ልጅ። «አፉ ይቀድመዋል» የተባለው ጥያቄው ሳያልቅ የሚመልሰው ነው።

አንድ ቃል ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ «ጭምት»። ሴት ልጅ ክፍል ውስጥ ዝም ብላ በመስኮት ስታይ ከዋለች ማንም አያስጠራት። «ጭምት ናት» ተብላ ትመሰገናለች። ትኩረት ብቻ የሚያንስበት ዓይነት ኤዲኤችዲ ያለባቸው፣ በተለይ ሴቶች፣ እስከ 30 እና 40 ዓመት ሳይታወቅላቸው የሚቆየው በከፊል በዚህ ነው። እናታችሁ «ጭምት ነበርሽ» ካለቻችሁ «ዝም ብዬ ምን እያደረግኩ?» ብላችሁ ቀጥሉ።

ቀጥሎ የትምህርት ቤት ካርድ ፈልጉ። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለው ይበልጣል። ውጤቱን ብቻ አትዩ። የጠባይ ውጤቱን፣ የቀሪና የማርፈድ ቁጥሩን፣ ከታች በእጅ የተጻፈውን የአስተማሪ አስተያየት እዩ። የኔ የ3ኛ ክፍል ካርድ ላይ «ችሎታ አላት፣ ግን ትቸኩላለች፤ የጀመረችውን ብትጨርስ» ይላል። ካርዱ ላይ ያሉት ውጤቶች ሁሉ ያችን አንድ መስመር አያህሉም።

ሲበላሽ፦

ካርዱ ቢጠፋ የሚያውቁ ሰዎች ይተኩታል። ወላጅ ከሌለ ታላቅ እህት፣ አክስት፣ አብሮ አደግ፣ የድሮ ጎረቤት ይጠየቃል። ከሁለት ሰው የተገኘ ተመሳሳይ ታሪክ ጠንካራ ነው።

ልጅነታችሁ በጦርነት፣ በስደት ወይም በወላጅ ሞት የተናጋ ከሆነ አትደብቁት። ክፉ ነገር ያየ ልጅ ኤዲኤችዲ ሳይኖርበትም ቀልቡ ሊበተን ይችላል። ከዚያ ነገር በፊት እንዴት እንደነበራችሁ የሚያስታውስ ሰው ካለ ምስክርነቱ ወርቅ ነው።

ውጭ አገር የምትመረመሩ ከሆነ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩን እንዳትረሱ። ካርዱ ላይ 1990 ዓ.ም. ይላል። የሐኪሙ ፋይል ላይ የትውልድ ዓመታችሁ 1990 ይላል። ሐኪሙ ምን ብሎ ይረዳው? እያንዳንዱን ቀን በፈረንጅ ቀይራችሁ፣ ዕድሜያችሁን ጨምራችሁ ጻፉ፤ የ1990 ዓ.ም. ካርድ የ1997/98 ነው፣ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልጅ ነበርኩ ብላችሁ። በስደት ወረቀት ላይ «ጃንዋሪ 1» ተብሎ የተሞላ ግምታዊ የልደት ቀን ያላችሁም ይህንኑ አስረዱ። «ከ12 ዓመት በፊት» የሚለው መስፈርት በሁለት ዓመት ስሕተት ሊበላሽ ይችላል።

ደረጃ 4፦ የአሁኑን ኑሮ በተግባር ጻፉ

ለ14 ቀን በየማታው ሦስት መስመር ጻፉ። ዛሬ ምን ጀመርኩ? ምን ሳይጨረስ ቀረ? ምን ከፈልኩበት? አንድ ቀን ከዘለላችሁ ተዉት፤ ወደ ኋላ ሄዳችሁ አትፈልስፉ። የተዘለሉት ቀናት ራሳቸው ይናገራሉ።

«ምን ከፈልኩበት?» የምትለዋ ዋናዋ ናት። ሐኪም «ዝርክርክ ነኝ» ስትሉት አንገቱን ይነቀንቃል። «በዚህ ዓመት መታወቂያዬን ሦስት ጊዜ አውጥቻለሁ» ስትሉት ይጽፋል። የዘገየ ኪራይ ቅጣት፣ የትራፊክ ቅጣት፣ የተቋረጠ ኮርስ፣ በሦስት ዓመት አራት ሥራ፣ በመርሳት የተነሣ የተበላሸ ወዳጅነት፣ ጎረቤት የጠራ ያረረ ድስት። ከሥራም፣ ከቤትም፣ ከማኅበራዊ ኑሮም ይኑር። ዕቁብ ሰብሳቢዋ በየወሩ የምትደውልላችሁ ከሆነ እሱም ይጻፍ።

ከዚያ የተለየ ገጽ ክፈቱና የምትሸፍኑበትን ዘዴ ዘርዝሩ። እኔ አራቱን አላርም የጻፍኩት እዚህ ነው። ቁልፉን የምትይዝላችሁ ሚስት፣ ቀጠሮ የምታስታውስ እህት፣ ሪፖርቱን ሁሌ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በጭንቅ ማለቅ። ደህና የምትመስሉት በምን ዋጋ እንደሆነ ካልተናገራችሁ ሐኪሙ የሚያየው የተተኮሰውን ልብስ ነው።

ደረጃ 5፦ ትኩረት የሚበትኑ ሌሎች ነገሮችን አጣሩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይናደዳል፤ «ያላመኑኝ መሰለኝ» ይላል። ተረጋጉ። ማጣራቱ የምርመራው አካል ነው።

ወደ ዋናው ባለሙያ ከመሄዳችሁ በፊት በጠቅላላ ሐኪም የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ አድርጉ። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ያቅበጠብጣል፣ ሲያንስ ያፈዛል። ታንኮራፋላችሁ? ቀን ላይ እንቅልፍ ይጥላችኋል? በእንቅልፍ ላይ እያለ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሰው ቀኑን በሙሉ ኤዲኤችዲ ያለበት ይመስላል። አብሯችሁ የሚተኛውን ሰው ጠይቁ።

ከአእምሮ ጤና በኩል ድብርት፣ የጭንቀት ሕመም፣ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ሕመምና ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ይጣራሉ። ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ «መቼ ጀመረ?» የሚለው ነው። ድብርት መጀመሪያ አለው፤ «አባቴ ከሞተ ወዲህ» ይባላል። ባይፖላር ይመጣል፣ ይሄዳል። ኤዲኤችዲ ግን ከልጅነት ጀምሮ አብሮ የሚኖር ነው፤ ደግና ክፉ ቀን ቢኖረውም ለወራት ጠፍቶ አይመለስም። ችግሩ፣ ኤዲኤችዲና ከእነዚህ አንዱ አብረው መኖራቸውም የተለመደ ነው፤ ስለዚህ አንዱ መገኘቱ ሌላውን አይሰርዝም።

አሁን ወደ ጫት። ማንም ሊያወራው የማይፈልገው ነገር ይሄ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። በምርቃና ጊዜ የምትጽፉት እቅድ፣ ከጨብሲ በኋላ የምታጡት እንቅልፍ፣ ሳትቅሙ ስትውሉ የሚመጣው ድካምና መፍዘዝ፣ ሌሊት የሚጫናችሁ ዱካክ፤ ሁሉም ተደምሮ መጠይቁን ሊሞላ ይችላል። ደብተሩ ላይ በሐቅ ጻፉ፦ በሳምንት ስንት ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ። ችግሩ ከጫቱ በፊት የነበረ ከሆነ ደረጃ 3 ላይ የሰበሰባችሁት ታሪክ ያሳያል። ሐኪሙ ለተወሰነ ሳምንት አቁማችሁ እንድትመለሱ ሊጠይቅ ይችላል።

«እኔ ስቅም ነው ቀልቤ የሚሰበሰበው፤ ስለዚህ ኤዲኤችዲ አለብኝ» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አይሠራም። አነቃቂ ነገር ብዙ ጤነኛ ሰውንም ያነቃል። በዚሁ ምክንያት የጓደኛን መድኃኒት አንድ ቀን ሞክሮ «ሠራልኝ» ማለትም ማረጋገጫ አይሆንም። ደግሞም ለልብ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 6፦ የሚመረምረውን ሰው ምረጡ

ከመቅረባችሁ በፊት ደውላችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አዋቂዎችን ለኤዲኤችዲ ይመረምራሉ? የመጀመሪያው ቀጠሮ ስንት ደቂቃ ነው? መልሱ «15 ደቂቃ» ከሆነ ምርመራው በስንት ቀጠሮ እንደሚያልቅ ጠይቁ። በአንድ 15 ደቂቃ የሚሰጥ «አዎ»ም ሆነ «አይደለም» ብዙ አትመኑት።

ኢትዮጵያ ውስጥ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ነው የምትሄዱት። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የጥቁር አንበሳ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አሉ። ከአዲስ አበባ ውጭ የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ለመንግሥት ሆስፒታል ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት አጽፉ። አማኑኤል መሄድ «ምን ይሉኛል» የሚያስብላችሁ ከሆነ የግል ክሊኒክ አለ። ብቻ አትቅሩ።

አሜሪካ ያላችሁ ከቤተሰብ ሐኪማችሁ ጀምሩ። የአእምሮ ሐኪም፣ ሳይኮሎጂስት፣ አንዳንዴም ራሱ የቤተሰብ ሐኪሙ ሊመረምር ይችላል። ከሺህ ዶላር በላይ የሚያስከፍል ረጅም የኒውሮሳይኮሎጂ ፈተና «ግዴታ ነው» ካሏችሁ ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ፤ ለኤዲኤችዲ ምርመራ ግዴታ አይደለም።

እንግሊዝ ውስጥ በጂፒ፣ ማለትም በቤተሰብ ሐኪማችሁ በኩል ነው። ወረፋው በብዙ ቦታ ዓመታት ስለሚፈጅ «የመምረጥ መብቴን እጠቀማለሁ» ብላችሁ ከኤንኤችኤስ (ከመንግሥት የጤና አገልግሎቱ) ጋር ውል ወዳለው ሌላ ተቋም እንዲልኳችሁ ጠይቁ። ይህ መብት እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ነው፤ ስኮትላንድ ላይ አይሠራም። እስራኤል ያላችሁ በቁፓት ሆሊማችሁ (በጤና መድን ድርጅታችሁ) በኩል ጠይቁ፤ እዚያ እንደ ሞክሶና ቶቫ ያሉ የኮምፒውተር ፈተናዎች የተለመዱ ናቸው። ፈተናው ተጨማሪ መረጃ ነው። ብቻውን አያረጋግጥም፣ ብቻውንም አያፈርስም።

ደረጃ 7፦ የቀጠሮው ቀን

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ደብተሩ፣ ሁለቱ መጠይቆች፣ የካርዱ ኮፒ፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ የምትወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ ዝርዝር። ከተቻለ የሚያውቃችሁ አንድ ሰው። ማታውኑ በር ላይ በፌስታል አስቀምጡት። እኔ ደብተሩን ትቼ ሄጄ ከመንገድ ተመልሻለሁ።

ስትገቡ «ትኩረት ይቸግረኛል» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ ጀምሩ፦ «ለኤዲኤችዲ መመርመር እፈልጋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የነበረ ነው፣ ሥራዬንና ቤቴን ጎድቶታል፤ ምሳሌዎቹን ጽፌ አምጥቻለሁ።» ሦስት መስፈርት በአንድ ትንፋሽ መለሳችሁ።

ከዚያ ቃለ መጠይቁ ይጀመራል። ብዙዎች ዲቫ የሚባለውን ይጠቀማሉ። 18ቱን ምልክቶች አንድ በአንድ ያነሣል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጊዜ ስለ አሁኑ፣ አንድ ጊዜ ስለ ልጅነት ይጠይቃል። አንድ ሰዓት ተኩል ሊወስድ ይችላል። ቢደክማችሁ ዕረፍት ጠይቁ። ወሬ ጀምራችሁ ሌላ ቦታ ከደረሳችሁ «ጥያቄው ምን ነበር?» በሉ። ማፈር አያስፈልግም፤ ሐኪሙ ይሄንንም እያየ ነው።

ስለ ትርጉም ጥቂት ልበል፤ ውጭ ላላችሁ። ቋንቋው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ ማቅረብ አለበት። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ልጅ ፊት የማይወራ ነገር አለ። አስተርጓሚ ሲኖርም አንዳንድ ቃል ያሳስታል። «ደበረኝ» አላችሁ እንበል። ሰልችቶኝ ተነሥቼ ሄድኩ ማለታችሁ ነው። አስተርጓሚው «ድብርት ያዘኝ» ብሎ ያስተላልፈዋል፤ ሐኪሙ ስለ ድብርት መጠየቅ ይጀምራል። «ጨነቀኝ» ላይም እንዲሁ ነው፤ ሥራ በዛብኝ ለማለትም፣ ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል ለማለትም እንለዋለን። ስሜት ከመጥራት የሆነውን ተናገሩ፦ «ስብሰባ ላይ 10 ደቂቃ ስቀመጥ ይሰለቸኛል፣ ተነሥቼ እወጣለሁ።» ይሄ በየትኛውም ቋንቋ አይበላሽም።

ደረጃ 8፦ ውጤቱ

«አዎ» ከተባላችሁ ዓይነቱን ጠይቁ፤ ትኩረት የሚያንስበት፣ ቅብጥብጥነት የሚያይልበት ወይም ሁለቱም ያሉበት። አብሮ የተገኘ ሌላ ሕመም ካለ የትኛው ቀድሞ እንደሚታከም ጠይቁ።

«አይደለም» ከተባላችሁ በሩን ዘግታችሁ አትውጡ። «የትኛው መስፈርት ነው ያልተሟላው?» በሉ። «የልጅነት ማስረጃ የለም» ካሉ ታላቅ እህታችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። «ድብርት ነው» ካሉ ታከሙት፤ ድብርቱ ለቆ ዝንጋታው ከቀረ ጥያቄውን እንደገና አንሡ። ምክንያቱ «ዲግሪ አለሽ» ብቻ ከሆነ ሌላ ሐኪም ፈልጉ። ዲግሪ መስፈርቱ ውስጥ የለም።

ከሦስት ሰው ተመሳሳይ «አይደለም» ከሰማችሁ ግን ምናልባት አይደለም። አራተኛ «አዎ» የሚል ሰው ፍለጋ አትዙሩ፤ የሚረዳችሁን ሌላ ነገር ያዘገይባችኋል።

ደረጃ 9፦ ከመጀመሪያው ማዘዣ በፊት

መድኃኒት ከተወራ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና ክብደት ይለካል። በቤተሰብ ውስጥ በድንገት ወይም በወጣትነት በልብ ሕመም የሞተ ሰው ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እርጉዝ ከሆናችሁ፣ የምታጠቡ ከሆነ ወይም ጫት የምትቅሙ ከሆነም እንደዚሁ። አነቃቂ መድኃኒትና ጫት አንድ ላይ ልብንና ደም ግፊትን ይጫናል።

እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉት የኤዲኤችዲ አነቃቂ መድኃኒቶች በብዙ አገር ቁጥጥር ያለባቸው ናቸው። ለሰው አትስጡ፣ ከሰው አትቀበሉ። ወደ ገልፍ አገር የምትሄዱ ከሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ፈቃድ አውጡ፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ለእንዲህ ያለ መድኃኒት ቅድመ ፈቃድ ትጠይቃለች። «ማዘዣ አለኝ» ብሎ ኤርፖርት ላይ መከራከር ዋጋ የለውም። መድኃኒቱ በራሱ ዕቃ፣ ስማችሁ ተጽፎበት፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ይሁን።

በመጨረሻ የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ ተቀበሉ። የመረመረው ሰው ስምና ማዕረግ፣ የተጠቀመበት መጠይቅ፣ የተሟሉት መስፈርቶች፣ ቀኑ ይኑርበት። ሐኪም ስትቀይሩ ወይም አገር ስትቀይሩ ይህ ወረቀት ከሌለ ብዙ ጊዜ ከደረጃ 1 ነው የምትጀምሩት። ፎቶ አንሥታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል አድርጉ፣ አንድ ኮፒ ነገር የማይጠፋበት ሰው ቤት አስቀምጡ። የኔ እህቴ ጋ ነው። ዋናውን በተቀበልኩ በሳምንቱ ታክሲ ውስጥ ረስቼው ወርጃለሁ።